ያለ ሰዓት፣ ያለ ሁለተኛ፦ የጥንት ግሪኮችን ውድድር በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ማካሄጃ መመሪያ

የጥንት ግሪኮችን የስፖርት በዓል ለተማሪዎቹ በተግባር ማሳየት የሚፈልግ የታሪክ ወይም የስፖርት መምህር ዝግጅቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከልብስ ነው። እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ነበር። አቡጀዲ አስቀደድን፣ ከካርቶን የራስ ቁር ሠራን፣ ጋሻም ቀባን፤ ነገር ግን አንዱ ባልደረባዬ ሰዓት ይዞ ከመጨረሻው መስመር ላይ ቆመ፣ ሌላው ደግሞ የአንደኛ፣ የሁለተኛና የሦስተኛ መቆሚያ ከመጋዘን አስወጣ። ቀኑን ሙሉ ክርክሩ ሦስተኛ ማን ወጣ የሚል ሆነ፤ ያካሄድነውም የየዓመቱን የትምህርት ቤት ውድድር ነጭ ጨርቅ አልብሰን ኖሯል። ስለዚህ አስቀድሜ ከሜዳው መውጣት ያለባቸውን ነገሮች ልናገር።

በመጀመሪያ ሰዓቱ ይውጣ። ግሪኮች አጭር ሩጫን በሰከንድ የሚለኩበት መሣሪያ ስላልነበራቸው፣ የዛሬው ሯጭ ከአምናው ፈጥኗል ወይስ ዘግይቷል የሚለው ጥያቄ ራሱ አልነበረም። ቀጥሎ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ይውጡ፤ የጥንቱ ኦሎምፒክ ይካሄድበት በነበረው በኦሎምፒያ የሚታወጀውና በመዝገብ የሚሰፍረው አሸናፊው ብቻ ነበር። ማራቶንም አይኖርም። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ ወዲህ ኦሎምፒክና ማራቶን በእኛ አእምሮ የማይለያዩ ሆነዋልና ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ማጉረምረማቸው አይቀርም፤ ሆኖም ማራቶን የተፈጠረው ለ1896 እ.ኤ.አ. የአቴንስ ጨዋታ ነው። ከኦሎምፒያ ተለኩሶ ወደ አዘጋጁ ከተማ የሚጓዘው ችቦም ከ1936ቱ የበርሊን ጨዋታ ወዲህ የመጣ ሥርዓት ነው።

አሁን ወደ መሮጫው እንሂድ። በትውፊት የመጀመሪያው የኦሎምፒያ ውድድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ776 ሲካሄድ የነበረው አንድ ሩጫ ብቻ ሲሆን፣ ያሸነፈውም ኮሮይቦስ የሚባል የኤሊስ ሰው፣ በሙያው ወጥ ሠሪ ነበር። ሩጫው ስታዲዮን ይባላል፤ ስታዲየም የሚለው ቃል ከዚህ የመጣ ነው። ርቀቱ 600 ጫማ ቢሆንም የጫማው ልክ ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ፣ የኦሎምፒያው መሮጫ 192 ሜትር ሲሆን የሌላው የውድድር ሥፍራ፣ የዴልፊው፣ ወደ 177 ሜትር ነው። ይህን ለማስተማር ሜትር መዘርጋት አያስፈልግም። አንድ ተማሪ ጫማውን አውልቆ ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት ጋር እያገናኘ 600 ጊዜ ይርገጥ፣ የክፍል ጓደኞቹ ይቁጠሩ፤ እግሩ 25 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ስታዲዮናችሁ 150 ሜትር ይሆናል። ሌላው ክፍል በሌላ ተማሪ እግር ቢለካ ሌላ ርቀት ያገኛል፤ ሪከርድ ማወዳደር ለምን ትርጉም እንዳልነበረው ያን ጊዜ ማንም ሳያስረዳቸው ይገባቸዋል። ሜዳው ካልበቃ 300 ጫማ ይበቃል። መሮጫው ቀጥ ያለ ነው፤ እንደ ዛሬው መም አይዞርም። ደርሶ መልሱን ሩጫ ዲያውሎስ፣ ብዙ ምልልስ ያለውን ረጅሙን ደግሞ ዶሊኮስ ይሉታል፤ ለሁለቱም ከመጨረሻው መስመር ላይ እንጨት ተክሎ በእርሱ ዙሪያ ማስመለስ በቂ ነው።

አነሳሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በኦሎምፒያ ከመነሻው ላይ ሁለት ትይዩ ቦዮች የተቦረቦሩበት የድንጋይ መስመር እስከ ዛሬ ይታያል፤ ሯጩ ቆሞ፣ የአንዱን እግር ጣቶች በፊተኛው፣ የሌላውን በኋለኛው ቦይ አስገብቶ፣ ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ይጠብቃል። እናንተ በኖራ ሁለት መስመር አንድ ስንዝር ያህል አራርቃችሁ ብታሰምሩ ይሆናል። ተማሪዎች ወዲያው ተንበርክከው እጃቸውን መሬት ላይ ማሳረፍ ይፈልጋሉና ቀደም ብሎ ማለማመድ ይገባል። ሯጮቹን በዕጣ አራት አራት አድርጋችሁ አሰልፉ፤ የየቡድኑ አሸናፊዎች ደግሞ እንደገና ይሮጣሉ። ቀድሞ የሚነሳ በጥንቱ ሥርዓት በአለንጋ ይገረፍ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480፣ ከሳላሚስ የባሕር ጦርነት ዋዜማ በተደረገው ሸንጎ፣ የቆሮንቶሱ አዴይማንቶስ የችኮላ ምክር አመጣህ ብሎ የአቴንሱን ቴሚስቶክልስ ሲገሥጸው በጨዋታ ላይ ቀድመው የሚነሱ ይገረፋሉ አለው፤ ቴሚስቶክልስም ወደ ኋላ የሚቀሩት ደግሞ አክሊል አይደፉም ሲል መለሰለት። ግርፊያውን በታሪክነቱ ነግራችሁ፣ በሜዳው ላይ ግን ቀድሞ የተነሳውን ከሩጫው ማስወጣት ይበቃል።

ከሩጫው በፊት መሐላ አለ። በኦሎምፒያ ተወዳዳሪው ብቻ ሳይሆን አባቱ፣ ወንድሞቹና አሠልጣኙም ላያጭበረብሩ በአማልክቱ አለቃ በዜውስ ሐውልት ፊት ይምሉ ነበር፤ ተወዳዳሪው በተጨማሪ ዐሥር ወር ሙሉ መለማመዱን በመሐላ ያረጋግጣል። በዓሉ ከአምልኮ የማይለይ ስለነበር መሐላውን በጣዖት ስም ማስማል ወላጆችን ማስቆጣቱ አይቀርም፣ አያስፈልግምም፤ ወላጆችንና አሠልጣኞችን አብሮ አቁሞ ቃል ማስገባት ግን የነገሩን ፍሬ ይጠብቃል፤ ተማሪዎችም አባታቸው እጁን ሲያነሳ ሲያዩ ጭምትነት ይሰማቸዋል። ያጭበረበረ የሚከፍለው መቀጮም ነበረ። በ388 ከክርስቶስ ልደት በፊት የቴሳሊያው ቦክሰኛ ኤውፖሎስ ተጋጣሚዎቹን በገንዘብ ገዝቶ በመገኘቱ፣ ከመቀጮው የዜውስ የነሐስ ሐውልቶች ተሠርተው ወደ ስታዲየሙ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሙ፤ ወደ ሜዳው የሚገባ ተወዳዳሪ ሁሉ በእነርሱ አጠገብ ያልፍ ነበር።

ለዝላዩ ሁለት ክብደቶች ያስፈልጋሉ። ግሪኮች በአምስቱ ውድድሮች፣ ማለትም በዲስከስ፣ በዝላይ፣ በጦር ውርወራ፣ በስታዲዮንና በትግል ውስጥ ሲዘሉ በየእጃቸው ሃልቴር የሚባል የድንጋይ ወይም የእርሳስ ክብደት ይይዙ ነበር። በተለምዶ ሃይላንድ የምንለውን የግማሽ ሊትር የውኃ ጠርሙስ በደረቅ አሸዋ ብትሞሉት ከአንድ ኪሎ ትንሽ ያነሰ ይመዝናልና ለተማሪ ይበቃል። ተማሪው ቆሞ እጆቹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዛል፣ ሲነሳ ክብደቱን ወደ ፊት ይሰዳል፣ ሊያርፍ ሲል ወደ ኋላ ይስባል። ክዳኑን በፕላስተር ማሰርና ከዘላዩ ኋላ ማንም እንዳይቆም ማድረግ ግድ ነው፤ በእኛ ዝግጅት አንዱ ጠርሙስ ከላብ የተነሳ አምልጦ ከጀርባ ቆሞ በነበረ መምህር እግር ሥር ወድቋል። ዝላዩ በአውሎስ፣ በመንታ የትንፋሽ መሣሪያ ይታጀብ ስለነበር ዋሽንት የሚነፋ ተማሪ ካለ አስጠሩት፤ የእጁ ውዝዋዜ ከዜማው ጋር ሲገጥም ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው የትግሉን ዕጣ ነው። በኦሎምፒያ ለዜውስ ከተሰጠ የብር ማሰሮ ውስጥ ባቄላ የሚያክሉ ዕጣዎች ይቀመጣሉ፤ በሁለቱ ላይ አልፋ፣ በሁለቱ ላይ ቤታ እየተባለ ይጻፋል። እያንዳንዱ ታጋይ አንድ አንድ ያወጣል፣ አጠገቡ የቆመው ዘበኛ ግን ፊደሉን እንዳያነብ እጁን ይይዘዋል፤ ሁሉም አውጥተው ሲያበቁ ዳኛው እየዞረ ያያል፣ አንድ ፊደል የደረሳቸውንም ያጋጥማቸዋል። በእኛ ፊደል ሁለት ሀ፣ ሁለት ለ፣ ሁለት ሐ ብላችሁ በባቄላ ፍሬ ላይ በእስክርቢቶ ጻፉና በጀበና ውስጥ ጨምሩ፤ ጀበናው አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ፍሬው አንድ በአንድ ሲወጣ ማንም መርጦ ሊያወጣ አይችልም። ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ ብቻውን የቀረው ፊደል የደረሰው ያለ ግጥሚያ ወደሚቀጥለው ዙር ያልፋል፤ ደክሞ ከመጣ ተጋጣሚ ጋር ትኩስ ጉልበት ይዞ ስለሚገናኝ ዕድሉ ትልቅ ነው። የክብደት ምድብ አልነበረም፤ የወንድ ልጆችና የአዋቂዎች ምድብ ብቻ ነበር። ተጋጣሚውን ሦስት ጊዜ የጣለ ያሸንፋል። ለደኅንነት ሲባል ግን በጣም የሚበላለጡትን አታጋጥሙ፤ እዚህ ላይ ከጥንቱ ሥርዓት መውጣት የአዘጋጁ ግዴታ ነው።

ሴት ተማሪዎችን በተመለከተ፣ በዚያው ኦሎምፒያ ለዜውስ ሚስት፣ ለአምላኳ ሄራ ክብር የሚካሄድ የልጃገረዶች ሩጫ ነበር፤ መሮጫውም ከስድስት እጁ አንዱ ተቀንሶ፣ ማለትም በ500 ጫማ ይሮጥ ነበር። ለምን አጠረብን ብለው ይጠይቃሉ፤ ይጠይቁ፣ ከዚያ የተሻለ የታሪክ ጥያቄ አይገኝም። የስፓርታዋ ኪኒስካ በ396 ከክርስቶስ ልደት በፊት በሠረገላ ውድድር ያሸነፈችው ድሉ የሚቆጠረው ለነጂው ሳይሆን ለፈረሶቹ ባለቤት ስለነበረ ነው።

ሽልማቱ በዴልፊ የሎሬል፣ በኦሎምፒያ ደግሞ የዱር ወይራ አክሊል ነው። የአገራችን ደገኛ ወይራ የዚያ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ጠዋት ክንድ የሚያክሉ ሁለት ለጋ ቅርንጫፎች ቆርጣችሁ ግንዳቸውን ውኃ ውስጥ አቆዩ፤ ከዚያ በግንዱ በኩል ያለውን አንድ ስንዝር ከቅጠል አጽድታችሁ፣ ሁለቱን ግንዶች አጠላልፋችሁ በክር እሰሩና ጫፎቹን ሳታገናኙ ክፍት ተዉ። አሸናፊው እንዳሸነፈ በክንዱ ላይ የሱፍ ክር እሰሩለት፤ አክሊሉ የሚደፋው በበዓሉ መጨረሻ ነው። አዋጅ ነጋሪው የአሸናፊውን ስም፣ የአባቱን ስምና ከተማውን ይጠራል፤ የእኛ ተማሪ ሙሉ ስም አባቱን ስለሚጨምር የሠፈሩን ስም ማከል ብቻ ይቀራል። ሁለተኛ የወጣው ተማሪ ቀርቦ የእኔስ ማለቱ አይቀርም። ቅርንጫፍ ተርፎ ቢሆንም አክሊል አይጎነጎንለትም፤ ከሌሎቹ ጋር ወደ ምሳው ይሄዳል።