ኮንሰርት የምትወዱ የጅማ ልጆች ይቺን ያዙ

ጅማ ኮንሰርት ሲኖር ብዙ ሰው ከስፒከሩ ፊት ነው የሚሻማው፣ እኔ ግን ሁሌ የምቆመው ሳውንድ ማኑ ሚክሰሩን ይዞ ከተቀመጠበት አካባቢ ነው ምክንያቱም ድምፁን የሚያስተካክለው እዛ ጋ ሆኖ በሚሰማው ልክ ስለሆነ ቤዙም ክራሩም ማሲንቆውም ለየብቻው ጥርት ብሎ ይመጣል። እውነት ከዛ የተሻለ ቦታ የለም።

ደሞ ጆሯችሁን! 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በቀን ለ8 ሰዓት ያህል ይቻላል፣ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ግን ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ኮንሰርት ላይ ደሞ 100 መድረስ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ፋርማሲ ጠይቁ፣ ጥጥ አይሰራም በቃ። በጣታችሁ አሽታችሁ አቅጥኑት፣ በሌላው እጅ ጆሯችሁን ወደላይና ወደኋላ ሳብ አድርጋችሁ አስገቡት፣ እስኪነፋ ያዝ አድርጉት። ዘፈኑ አይጠፋባችሁም፣ ይቀንሳል እንጂ። ልጅ ይዛችሁ የምትመጡ በተለይ እባካችሁ ከስፒከሩ አርቋቸው።

ክረምት ላይ ከሆነ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ጃንጥላ ከኋላ ያለውን ስለሚጋርድ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ይሻላል፣ ስልካችሁን በፌስታል ጠቅልሉ፣ የሚመልሳችሁን ባጃጅም ሳትገቡ በፊት ተነጋገሩ።