የእናቴ እቁብ በሦስት መነጽር

ለመመረቂያ ጽሑፌ ከቲዎሪ ጀምሬ ሁለት ወር አቃጠልኩ። እናንተ ከምታውቁት ነገር ጀምሩ። እኔን ያዳነኝ የእናቴ እቁብ ነው።

መጀመሪያ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። አሥራ ሁለት ሰው፣ በወር 2000 ብር፣ ቡና ስኒ ውስጥ የተጠቀለሉ ወረቀቶች። ልጇን ልትድር ነው ተብሎ እጣ የተለቀቀላት ጎረቤት ሳትቀር ትመዝገብ። ይሄን አትዝለሉ፤ ሥራው እዚህ ነው።

ከዚያ ጥያቄውን ቀያይሩ። በኢኮኖሚክስ ዓይን ቀድሞ የደረሰው ያለ ወለድ ተበዳሪ፣ መጨረሻ የደረሰው ቆጣቢ ነው። ታዲያ ብሩን የበላው ሰው ለምን መክፈሉን ይቀጥላል?

አንትሮፖሎጂስቱ ክሊፎርድ ጊርትዝ በ1962 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ማኅበራትን ከገበሬ ኑሮ ወደ ንግድ ኑሮ መሸጋገሪያ አድርጎ አይቷቸዋል። እናቴ ግን የባንክ ደብተር ይዛም እቁቧን አልተወችም። እንዲህ ሲጋጭ ደስ ይበላችሁ፣ ምዕራፍ አገኛችሁ ማለት ነው።

ፍልስፍና ደግሞ ቃል ለምን ይከበራል ይላል። ለፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም ሁላችንን ስለሚጠቅም የጸና ልማድ ነው፤ ለፈላስፋው ኢማኑኤል ካንት ጠቀመም አልጠቀመም ግዴታ።

ለማስታረቅ አትቸኩሉ። ተመልሳችሁ ባለቤቶቹን ጠይቁ። እናቴን ስጠይቃት ቡናዋን እየቀዳች «ባልከፍል በየት በኩል ገበያ ልወጣ ነው?» አለችኝ።