የመኖ ጋዝ ምርመራ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

የጋዝ ምርመራ ማለት መኖን ከከብት ፈርስ በተጨመቀ ፈሳሽ ሲሪንጅ ውስጥ አፍልቶ፣ በሚወጣው ጋዝ መጠን የመኖውን ዋጋ መገመት ነው። ይህን የሚያነበው ባለሙያ ሚዛኑን ያስተካከለ፣ የሞቀ ውሃ ገንዳው 39 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ መሆኑን ያረጋገጠ፣ መኖውን በ1 ሚሊ ሜትር ወንፊት የፈጨና በየሲሪንጁ 200 ሚሊ ግራም ያህል ደረቅ ናሙና የጨመረ ነው ብዬ እነሳለሁ። የማወሳው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ብልሽት ነው።

አንድ ሲሪንጅ ብቻ ትንሽ ጋዝ ሲያሳይ። ፒስተኑ ቫዝሊን አልተቀባም፣ ወይም የጎማው መቆንጠጫ አልጠበቀም። የተሰነጠቀ ጎማ ይጣል፤ በፕላስተር ተጠግኖ ጋዝ የያዘ ጎማ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ሁሉም ሲሪንጆች፣ ለማነጻጸሪያ የሚገባው መቆጣጠሪያ ድርቆሽ ጭምር፣ ትንሽ ጋዝ ሲያሳዩ። ጥፋቱ የመኖው አይደለም፤ ከፈርስ የተጨመቀው ፈሳሽ ሞቷል ወይም ተዳክሟል። መኖውን የሚያፈሉት ረቂቃን ተሕዋስያን ቅዝቃዜንም ኦክስጅንንም አይችሉም። ደጋግሜ የገጠመኝ ችግር ይህ ነው፤ ያም ሆኖ በየጊዜው የሚወቀሰው ምስኪኑ የጤፍ ጭድ ነው።

አንድ ጊዜ ፈርሱ ከኮምቦልቻ ተቀድቶ ወደ ደሴ ይመጣ ነበር። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ መናኸሪያ ቆመ፤ ቴርሞሱ አስቀድሞ በሙቅ ውሃ አልሞቀም፤ ግማሹም ባዶ ነበር። ይዞት የመጣው ወጣት ዳገቱን ሲወጡ በየመሐሉ ክዳኑን እየከፈተ ሙቀቱን ሲለካ እንደመጣ በኩራት ነገረኝ። ቤተ ሙከራው ስንደርስ ፈሳሹ 31 ዲግሪ ነበር። በማግስቱ ድርቆሹ ከወትሮው ግማሽ ያህል ጋዝ ብቻ ሰጠ፤ የማሽላ አገዳው ደግሞ ፈሳሽ ብቻ ከያዘው ባዶ ሲሪንጅ እምብዛም አልተለየም። ያን ውጤት ሪፖርት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ለማስቀረት ብዙ ተከራክሬአለሁ።

መፍትሔው ቴርሞሱ ላይ ይጀምራል። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ቴርሞስ ለቡና እንኳ አይበቃምና ደህናው ይገዛ። ከ40 ዲግሪ በጥቂቱ በሚበልጥ ውሃ ተሞልቶ ቄራ ድረስ ይሂድ፤ ውሃው የሚደፋው ፈሳሹ ሊቀዳ ሲል ብቻ ነው። ፈሳሹ እስከ አፉ ይሞላ፤ አየር የሚገባበት ቦታ አይቅር፤ መንገድ ላይ አይከፈት። ከሦስት ወይም ከአራት ከብቶች ተቀድቶ ቢደባለቅ ይመረጣል። ከብቱ ለዕርድ ሲባል ሳይበላ ስንት ሰዓት እንደቆየ አራጁን መጠየቅ አይረሳ፤ ቀኑን ሙሉ ጾሞ ያደረ በሬ ፈርሱ ቢሞቅም ጉልበት የለውም። ቤተ ሙከራ ሲደርስ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ እየተነፋበት፣ በአራት እጥፍ ሻሽ ይጠለል። ከቄራ እስከ ሲሪንጅ አንድ ሰዓት ባያልፍ መልካም ነው።

ሰው ሠራሹ ምራቅ፣ ማለትም ከፈርሱ ፈሳሽ ጋር የሚቀላቀለው የጨዎች ውህድ፣ ኦክስጅን መኖሩን በቀለም ከሚያሳየው ሬሳዙሪን ጋር ሲዘጋጅ ከሰማያዊ ወደ ሮዝ፣ ከሮዝም ወደ ቀለም አልባ ይለወጣል። ሮዝ ሆኖ ሳለ የፈርስ ፈሳሽ አይጨመርበት፤ ገና ኦክስጅን አለው። ሮዝነቱ አልለቅ ካለ ኦክስጅኑን የሚያስወግደው ሶዲየም ሰልፋይድ አርጅቷል። የተረፈው ሰልፋይድ ከአሲድ ጋር በአንድ ማጠቢያ ፈጽሞ አይደፋ፤ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል። ቀለሙ ሲጠፋ አንድ እጅ የፈርስ ፈሳሽ ከሁለት እጅ ምራቅ ጋር ተቀላቅሎ ለየሲሪንጁ 30 ሚሊ ሊትር ይሰጣል።

ጋዙ ከተጠበቀው በላይ ሲበዛ። በደሴ ይህ የሚያስደስት ዜና አይደለም። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ እዚህ 40 ሚሊ ሊትር ተብሎ የተነበበ ጋዝ በባሕር ወለል ግፊት 30 ገደማ ብቻ ይሆናል። ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ልዩነቱ ይጠባል እንጂ አይጠፋም። ንባቡን ሳያርም ጀርመን አገር፣ በሆሄንሃይም፣ ከጋዙ የመኖውን ኃይል ለማስላት በተሠራው ቀመር ውስጥ የሚከት ሰው ለጭድ የአልፋልፋ ኃይል ይሰጠዋል። ሌላም ወጥመድ አለ፤ የታወቀ ዋጋ ያለው መቆጣጠሪያ ድርቆሽ የሚጠቀም ሰው የማረሚያ ቁጥሩ (የታወቀው ዋጋ ለተነበበው ሲካፈል) ከ0.9 እስከ 1.1 ካለው ክልል ሲወጣበት ደህናውን ሙከራ ይጥላል። አስቀድሞ የዕለቱን የአየር ግፊት መዝግቦ ንባቡን ማረም፣ ከዚያ በኋላ ቁጥሩን መመልከት ይገባል።

ፒስተኑ ሌሊት ወድቆ ሲገኝ። ጥራጥሬና ፉርሽካ ፈጥነው ይፈላሉ፤ ንባቡ 60 ሚሊ ሊትር ሲያልፍ ተመዝግቦ ፒስተኑ ወደ 30 ይመለስ።

በዩሪያ የታከመ ጭድ ፕሮቲኑ ሲያንስ። አሞኒያው ኦቨን ውስጥ ተንኗል። ፕሮቲኑ የሚሰላበት ናይትሮጅን ከእርጥቡ ናሙና ይለካ፤ የደረቅ ይዘቱ ለብቻው ይወሰድ።