የሥራ ክፍተቱ አይደለም የሚጥላችሁ፣ መሸፈኛው ነው

ሲቪ ማንበብ እንጀራዬ ነው። የሥራ ክፍተት ስላየሁ ብቻ የጣልኩት ሰው ትዝ አይለኝም። ክፍተቱን ለመሸፈን ሲል ራሱን የጣለ ግን ብዙ አይቻለሁ።

አንደኛው ጥፋት የሥራ ቀን መለጠጥ ነው። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አልቋል። ሰኔ ላይ የለቀቀ ሰው «እስከ ታኅሣሥ» ብሎ ይጽፋል። ስድስት ወር ማን ያጣራል ብሎ ነው። እኛ እናጣራለን! የሥራ ልምድ ደብዳቤው የገባበትንም የለቀቀበትንም ቀን ይናገራል። ደብዳቤ ባይኖር ስልክ አለ። አንድ ጊዜ ለሒሳብ ክፍል አንዲት ልጅ አገኘን። ፈተናውን አንደኛ ወጣች፣ ቃለ መጠይቁ ላይም ሁላችንንም አስደመመች። የቀረው ደሞዝ መነጋገር ነበር። ከዚያ ደብዳቤዋ መጣ። ሲቪዋ ከሚለው ስምንት ወር ቀድማ ለቃለች። ምን ሆና መሰላችሁ? ወልዳ! ብትነግረን ማን ቅር ይለው ነበር? ለሒሳብ ሥራ ግን ቁጥር የሚያስተካክል ሰው አይቀጠርም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወሩን ትቶ ዓመት ብቻ መጻፍ ውሸት አይደለም። ለአጭር ክፍተት ይሠራል። ቅጹ ወር ከጠየቀ ግን ትክክለኛውን ሙሉ። ሊንክድኢን በሚባለው የሥራ ድረ ገጽ ላይ ያለው ገጻችሁም ከሲቪው ጋር ይግጠም። እዚያ እኮ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለእንዲህ ያለ እረፍት ራሱን የቻለ ቦታ አለ፤ ልጅ ማሳደግም፣ ሰው ማስታመምም፣ ከሥራ መቀነስም ይገባበታል።

ቀኑን ጭራሽ አጥፍቶ ችሎታ ብቻ የሚደረድር ሲቪ ሲመጣ መጀመሪያ የምፈልገው ያንኑ የጠፋውን ቀን ነው።

ክፍተቱን ለመሙላት «አማካሪ ነበርኩ» ስትሉ ደግሞ «ለማን?» እንላለን። መልስ ከሌላችሁ አትጻፉት።

ብዙ ማውራት የኔም ጥፋት ነበር። እናቴን ሳስታምም አንድ ዓመት ያለ ሥራ ተቀምጬ ነበር። ቃለ መጠይቅ ላይ ሲጠይቁኝ ከመጀመሪያው ምርመራ ተነስቼ ከወንድሜ ጋር እስከተጣላንበት ድረስ ተረኩላቸው። ጠያቂዎቹ ወረቀታቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። ስለ ሥራው ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቀው አሰናበቱኝ። አሁን ቢሆን «እናቴን ሳስታምም ነበር፤ አሁን ድናለች፣ ሥራ ለመጀመር ዝግጁ ነኝ» ብዬ ዝም ነው። ጠያቂው ማወቅ የሚፈልገው የክፍተቱን ምክንያት፣ ነገሩ ማለቁንና እጃችሁ ከሙያው አለመራቁን ነው። ከሙያው አለመራቃችሁን የሚያሳይ የወሰዳችሁት ኮርስ ወይም የሠራችሁት ትንሽ ሥራ ካለ አንሱ። ከሌለ አትፍጠሩ።

ተባራችሁ ከሆነም የድሮ አለቃችሁን አትሙ። የሚሰማችሁ ሰው የነገ አለቃችሁ ነው።

የሁለት ወር ክፍተት ይዛችሁ በማመልከቻ ደብዳቤው የመጀመሪያ መስመር ላይ ይቅርታ የምትጠይቁ ልጆችማ፣ ኧረ ተዉ! ሁለት ወር እኮ ሥራ ማፈላለጊያ ነው፤ እናንተ ባታነሱት ልብም አንለውም ነበር።