ለብቸኛ ቀዛፊ የሚሆን ታንኳ አመራረጥ፦ ለወንዝ ጉዞና ለረጋ ውሃ

ብቻውን የሚቀዝፈውን ታንኳ ሊገዛ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ርዝመቱ ወይም ስለ ተሠራበት ቁስ ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ሚዛን ላይ መውጣት ይገባል ባይ ነኝ፤ የቀዛፊው፣ የድንኳኑ፣ የመኝታው፣ የምግቡና የመጠጥ ውሃው ክብደት ተደምሮ ካልታወቀ ቀሪው ምርጫ ሁሉ ግምት ሆኖ ይቀራል። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለሳምንት ጉዞ 30 ኪሎ ጓዝ ቢይዝ ታንኳው 105 ኪሎ ይሸከማል፤ ያው ሰው ለግማሽ ቀን ሐይቅ ላይ ሲንሸራሸር ግን ጭነቱ ከ80 ኪሎ ብዙም አያልፍም።

በሽያጭ ወረቀት ላይ የሚጻፈው «የመጫን አቅም» እዚህ ላይ እምብዛም አይረዳም። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚነግረን የታንኳው ጠርዝ ከውሃው በላይ 15 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ እስኪቀር ድረስ ምን ያህል ክብደት እንደሚችል እንጂ፣ በምን ያህል ክብደት ደህና እንደሚሄድ አይደለም። ስለዚህ ሻጩን መጠየቅ የሚገባው ታንኳው በሚገባ የሚቀዘፍበት ክብደት ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ነው። ከዚያ በላይ የተጫነ ታንኳ ጠልቆ ይጎተታል፣ ሞገዱም ወደ ውስጥ ይረጫል፤ ከዚያ በታች የተጫነው ደግሞ ከውሃው በላይ ጎልቶ ስለሚታይ ነፋስ እንደፈለገ ያዞረዋል። ለሁለት ሰው በተሠራ ታንኳ ብቻውን የሚወጣ ሰው በነፋስ የሚቸገርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ወንዝንና የረጋ ውሃን በእጅጉ የሚያጣላው ግን የሆዱ ቅስት ነው። ታንኳውን ደልዳላ ወለል ላይ አስቀምጦ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው፦ መሐሉ መሬት ነክቶ ሳለ ሁለቱ ጫፎች ምን ያህል ከፍ ብለዋል? ጫፎቹም መሬቱን ሊነኩ ከቀረቡ ታንኳው ቀጥ ብሎ ለመሄድ የተሠራ ነው፤ ሐይቅ ላይ በጥቂት ድካም ብዙ መንገድ ያስኬዳል። ጫፎቹ 10 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ከተነሡ ኃይለኛ ወራጅ ውሃ ውስጥ በአንድ ቀዘፋ ይሽከረከራል፤ ሐይቅ ላይ ግን በየቀዘፋው አፍንጫውን ወዲያና ወዲህ እየጣለ ያደክማል። ሁለቱንም ለሚፈልግ ሰው ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር የሚሆነው ቅስት የሚያስታርቅ ነው።

የመጀመሪያዬ ታንኳ ረጅምና ቀጥ ያለ ነበር። አንድ የወንዝ መታጠፊያ ላይ ወራጁ አፍንጫውን ወደ ውጪኛው ዳርቻ ሲገፋው የቻልኩትን ያህል ብቀዝፍም አልዞር አለኝ፤ እዚያ ዳርቻ ላይ ደግሞ የወደቀ ዛፍ ቅርንጫፎቹን ውሃ ውስጥ ነክሮ ይጠብቀኝ ነበር። እንዲህ ያለ ዛፍ ውሃውን ያሳልፋል፣ ታንኳንና ሰውን ግን ይዞ ያስቀራል። ለጥቂት ተረፍኩ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ለሚያመነታ ሰው ቅስቱ በዛ ያለውን እመክራለሁ፤ ሐይቅ ላይ የሚያስከፍለው ድካም ብቻ ነውና፣ እሱም ቢሆን በየቀዘፋው መጨረሻ መቅዘፊያውን ወደ ውጭ ገፋ በማድረግ አቅጣጫን የማረም ልማድ ሲዳብር በብዙው ይቀላል። ቀጥ ያለ ታንኳ ያለው ሰውም ተስፋ አይቁረጥ፦ ተንበርክኮ ታንኳውን ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብለው ውሃው ውስጥ ያለው ርዝመት ስለሚያጥር መታጠፍ ይቀለዋል።

የሆዱን ቅርጽ በተመለከተ፣ ፍጹም ጠፍጣፋ የሆነው ታንኳ ሲገቡበት የማይነቃነቅ መስሎ ገዢን ያታልላል፤ ሞገድ ከጎን ሲያነሣው ግን የውሃውን ዘንበል ማለት ተከትሎ በድንገት ይገለበጣል። በመጠኑ የጎበጠው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቢወዛወዝም ካዘነበለ በኋላ ጸንቶ ይቆማል። ስፋቱ ከ70 እስከ 76 ሴንቲሜትር ቢሆን ይበቃል። ከዚህ የሰፋ ከሆነ መቅዘፊያውን ቀጥ አድርጎ ለማስገባት ክንድን ከመጠን በላይ መዘርጋት ግድ ይሆናል፤ አውራ ጣት በየጊዜው ከጠርዙ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ታንኳው ለዚያ ሰው አልተሠራም ማለት ነው። ርዝመቱ ከ4.3 እስከ 4.7 ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ረጅም ታንኳ ፈጣን ነው መባሉ እውነት ቢሆንም፣ ከውሃው ጋር የሚፋተገው ገላው ስለሚጨምር የአንድ ሰው ጉልበት ያንን ፍጥነት ብዙ ጊዜ አይደርስበትም።

ቁሱ የሚወሰነው ከድንጋይ ጋር በሚኖረው ቅርበት ነው። ኬቭላር ከተባለው ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ቀላል ታንኳ ከ20 ኪሎ በታች ሊመዝን ስለሚችል በየብስ ተሸክመው ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ለሚሻገሩ ተመራጭ ነው፤ ጥልቀት በሌለው ድንጋያማ ወንዝ ግን ቶሎ ይጎዳል። ፖሊኢትሊን የተባለው ፕላስቲክ ምቱን ይችላል፣ ዋጋውም ይረክሳል፤ ሸክሙ ግን ከባድ ነው። ለወንዝ ተጓዦች ለብዙ ዓመታት ታማኝ የነበረው ሮያሌክስ የተባለው ድርብርብ ፕላስቲክ እ.ኤ.አ. በ2014 ማምረቱ ስለቆመ ዛሬ የሚገኘው በሁለተኛ እጅ ነው፤ ቲ-ፎርሜክስ የተባለው ተተኪው ግን በገበያ ላይ አለ። ያገለገለ ሮያሌክስ የሚገዛ ሰው በሁለቱ ጫፎች ሥር የላይኛው ሽፋን ተፍቆ አልቆ እንደሆነ፣ የእንጨት ጠርዝ ካለውም በብሎኖቹ ዙሪያ የተሰነጠቀ ነገር እንዳለ በእጁ እየዳበሰ ይመርምር።

መቀመጫውን ብዙዎች ይዘነጉታል። ለመንበርከክ ከፍ ያለ፣ ለመቀመጥ ዝቅ ያለ ይመቻል፤ ዋናው ነገር ግን በጉዞ ላይ የሚደረገው ጫማ እግር ላይ እንዳለ ከመቀመጫው ሥር ያለችግር ገብቶ መውጣቱ ነው። ታንኳው ሲገለበጥ እግር እዚያ ከተያዘ መዋኘት መቻል ብቻውን አያድንም።

ከመግዛት በፊት ታንኳውን ባዶውን ብቻ ሳይሆን ጭኖ መሞከር ያስፈልጋል። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ስለሆነ፣ የተሞሉ ጀሪካኖችን ከመቀመጫው ፊትና ኋላ አመጣጥኖ በማሰር የጉዞውን ጓዝ መተካት ይቻላል። የሕይወት አድን ጃኬት ለብሶ፣ ከተቻለ ነፋስ ባለበት ሰዓት፣ መጀመሪያ ነፋሱን ፊት ለፊት፣ ቀጥሎ ከጎን እየተቀበሉ መቅዘፍ፤ ከዚያ ጭነቱን አውርዶ እንደገና መሞከር። በመጨረሻም ታንኳውን ትከሻ ላይ አውጥቶ መቶ እርምጃ መሄድ ነው። በብዙ የአንድ ሰው ታንኳዎች ላይ የመሸከሚያው ቀንበር መዋል የሚገባው መቀመጫው ባለበት ቦታ ስለሆነ፣ ተነቃይ ቀንበር አብሮ ይሸጥ እንደሆነ ሒሳብ ሳይከፈል መጠየቅ ይገባል።