የእናትን የሕይወት ታሪክ ለንባብ ማዘጋጀት

በቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ከ5 ደቂቃ ባያልፍ ጥሩ ነው፤ ረጋ ብሎ ሲነበብ 400 ቃል ያህል ይሆናል። በቅድሚያ የልጆች፣ የልጅ ልጆችና ያሳደጓቸው ሰዎች ስም ይዘርዘር፤ ሁለት ዘመዶችም ለየብቻ ይዩት። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ይረሳል፣ የተዘለለ ስም ደግሞ ለዓመታት ቅር ያሰኛል።

«ደግና ጸሎተኛ ነበሩ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ለማንም ይባላል። ሲያደርጉት የታየውን ጻፉ፦ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው የእያንዳንዱን ልጅ ስም እየጠሩ መጸለያቸውን፣ የጸሎት መጽሐፋቸው ጠርዝ ከመገለጥ ብዛት መጥቆሩን። እንዲህ ያለው ሁለት ሦስት ይበቃል። የትምህርትና የሥራ ዘመናቸው በአንድ አንቀጽ ይለፍ።

ፊደሉን 16 አድርጋችሁ፣ መስመሩን አራርቃችሁ አትሙ። እንባ ድምፅን ይዘጋልና ሁለተኛው ቅጂ ከአንባቢው አጠገብ በሚቆም ሰው እጅ ይሁን።