ያላገባ ማስረጃዬ በአንድ ፊደል ምክንያት ሲመለስብኝ እንዴት እንዳስተካከልኩት (አዳማ)

ከእጮኛዬ ጋር ጀርመን ልንጋባ ነውና ያላገባ ማስረጃ አምጪ ተባልኩ። ቀበሌ ሦስት ምስክር ይዤ ሄጄ ደብዳቤው ቶሎ ወጣ፣ ግን በኦሮምኛ ስለሆነ ማስተርጎም ነበረብኝ፣ እኔ ደግሞ ቸኩዬ ለተርጓሚው ዝም ብዬ ሰጥቼው መጣሁ፣ ለካ የአያቴ ስም ላይ ያለችው «ቀ» ፓስፖርቴ ላይ በኬ፣ ትርጉሙ ላይ በኪው ሆናለች! በዚች ፊደል መለሱኝ እኮ።

መፍትሄው ቀላል ነበር፣ የፓስፖርቴን ኮፒ ለተርጓሚው ሰጥቼው እንደዛው አስተካክሎ ማህተም መታበት፣ ከዛ አዲስ አበባ ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ቀጥሎ ውጭ ጉዳይ። በጣም ቀድማችሁ ግን አታውጡት፣ እጮኛዬን የምንጋባበት ከተማ ያሉት ከስድስት ወር በላይ የቆየ አንቀበልም ብለውታል። ቀበሌ ደግሞ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ስብሰባ ናቸው 😅